እሷ የተባለው ፓወር

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። የአባቴን ሬዲዮ ስድስት ጊዜ ፈትቼ አምስት ጊዜ ገጥሜያለሁ፤ ስድስተኛውን አትጠይቁኝ። በቤተሰባችን ዘንድ ግን በዚህችው "ባለሙያ" ተብዬ ነበር።

አጎቴ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ተራራ ላይ ካለችው መንደሩ ከኦቾሎ፣ ሚስቱንና ልጆቹን እዚያው ትቶ ወርዶ፣ እኛ ከተማ ሲቀላ ውስጥ ጌም ቤት ከፈተ። ጌም ቤት ስል አንድ ማሽን ነው፤ ቁመቱ ከአጎቴ የሚበልጥ፣ ሳንቲም ሲጎርስ የሚጮህ፣ ከአዲስ አበባ ሲመጣም አሮጌ የነበረ። አንድ ቀን ድምፁ እያለ ምስሉ ድርግም አለ። ከከተማችን ኢንስቲትዩት የሚመጡት ተማሪዎች ሁለት ቀን በጆሯቸው ብቻ ተጫወቱ። አንዱማ "እያየሁም የምሸነፈው እኔ፣ ምን ለውጥ አለው?" አለ። በሦስተኛው ቀን ግን ማንም ዝር አላለም።

የአጎቴ ታላቅ ወንድም ይህን ሲሰማ ከኦቾሎ ላከበት፦ "እስከ መስቀል ካልሠራልህ ሳጥንህን ሸጠህ ወደ ሽመናህ ና።" አጎቴ ሽመናን አይጠላም። "ሞክሮ አቃተው" ተብሎ ያንን ዳገት መውጣት ነው የከበደው።

ማሽኑን ከፍቼ አየሁት። ለስክሪኑ መብራት የሚሰጠው ሰሌዳ፣ እኛ ፓወር የምንለው፣ ከሰል መስሏል። አጎቴ ለናሙና ይዞት አዲስ አበባ ሄደና በአምስተኛው ቀን ሁለት ሌላ ፓወር ጨምሮ ተመለሰ።

"ለምን ሁለት ሆነ?"

"አንዱ ለዚህ፣ አንዱ ወደፊት ለምገዛው ማሽን።"

ላልተገዛ ማሽን መለዋወጫ የገዛ ሰው እስከ ዛሬ ሌላ አላየሁም።

"እሺ፣ የዚህኛው የቱ ነው?"

ጉሮሮውን ጠረገ። "የሸጠልኝ ሠራተኛ ያለኝን ቃል በቃል ልንገርሽ፦ 'እሷን ግጠም፣ እሱን ለሌላው አስቀምጥ።'"

"እሷ ማን ናት?"

"እኔ ምን አውቄ? ለእኔ ሁለቱም እሱ ነው!"

እውነቱን ነው። አጎቴ አፉን የፈታው በጋሞኛ ነው፤ በአማርኛው ሚስቱም "መጣ"፣ በሬውም "መጣች" ነው። እኔ ደግሞ ከተማ ያደግሁ፣ ሲሳሳት የማርም፣ ሳይሳሳትም የማርም።

"አጎቴ፣ በአማርኛ ትንሽ ነገር ነው እሷ የሚባለው። ስለዚህ ትንሿ ናት።"

"ውይ አስተማሪዬ! በይ ግጠሚው።"

"ግጠሚያት!"

ትንሿ ደግሞ አዲስና የምታብረቀርቅ ነበረች። ትልቁ የተጫረ፣ እዚህም እዚያም የተበየደ፣ ሽማግሌ ነገር ነው። ትንሿን ገጥሜ ሶኬቱን ልሰካ ስል ዓይኔ የተቃጠለው ሰሌዳ ላይ አረፈ። ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ሽቦ አጠገብ፣ ከጥላሸቱ ሥር፣ 110 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለ። ትንሿን በዚያው ቦታ አየኋት፦ 130። ሽማግሌውን አገላበጥኩት፦ 110።

እጄ ሶኬቱን እንደያዘ ቀረ። ሰክቼው ቢሆን ስክሪኑም እንደ ሰሌዳው ይቃጠል ነበር። ከዚያ ወዲያ ዳገቱ ብቻ ነው የሚቀረው።

ብሎኖቹን መፍታት ጀመርኩ።

"ምነው?" አለ አጎቴ።

"እሷ... ትልቁ ነው መሰለኝ።"

ሾፌር የሚወዳትን አሮጌ መኪና "እሷ" ይል የለ? ሠራተኛውም ያንን ሽማግሌ በፍቅር ነው የጠራው። ይህ አማርኛ ለእኔ አልደረሰኝም ነበር።

አጎቴ ወገቡን ይዞ ሳቀ። "እንግዲያው እሱ እሷ ናት! እኔ እኮ ድሮም እንደዚህ ነው የማወራው፣ አንቺ ነሽ የምታበላሺብኝ!"

ትልቁን ገጠምኩና ሰካሁ። ስክሪኑ መጀመሪያ አረንጓዴ ሆነ፤ ቀስ እያለ ምስሉ መጣ። አጎቴ ማንንም ሳይጠራ ራሱ ሳንቲም ከተተ፣ ወዲያውም ተሸነፈ።

መስቀል ሲደርስ ኦቾሎ ወጥቶ በዓሉን ከወንድሙ ጋር ዋለ። በሳምንቱ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ወደ ሲቀላ ወረደ።