የሁለት ሴንቲ ተኩል ልዩነት

«ሚሊሜትር» የሚል ቅጽል ስም ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ ደግሞም ያውቁበታል። ሰውየው ልብስ ቆራጭ ነው። የሆቴልና የሆስፒታል ሠራተኞች የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ሲቆርጥ፣ አንድም ቀን «ይሁን፣ ይቺ ምን አላት» ብሎ ያለፋት ነገር የለችም። ሌሎቹ ጠመኔያቸውን ወርወር አድርገው ወደ ሻይ ሲሮጡ እሱ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን እንደገና ይለካል። ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ መለካቱን ግን አይተውም። ሰው ሀገር የተቀመጠ ሰው ሙጭጭ ብሎ የሚይዘው አንድ ነገር ያስፈልገዋል።

አገር ቤት ሳለ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም የልብስ ስፌት ቤት ነበረችው። እሱ ይሰፋል፣ ሚስቱ የሴት ደንበኞችን ልክ ትወስዳለች። ልክ አወሳሰድ ያስተማራት እሱ ራሱ ነው፤ ሲያስተምራትም ቁም ስቅሏን ነው ያሳያት። ደንበኛዋ «እስከ ሠርጉ እከሳለሁ፣ ቀነስ አድርጊው» ካለችሽ አትስሚያት። ሆዷን ስባ ከያዘች እስክትተነፍስ ጠብቂያት። ግራና ቀኙን ለየብቻ ለኪ፣ እግዜር ማንንም በሜትር አልፈጠረም። ብቻ ያየሽውን ቁጥር ጻፊ፣ ደስ የሚላቸውን እንዳትጽፊ። እንዲህ እያለ ሲነዘንዛት ኖሮ በመጨረሻ ሴትየዋ ከእሱም ባሰች።

ከሄደ በኋላም ይህ ሥራቸው አልቆመም። ትቷት ሲሄድ ሦስት ዓመቷ የነበረችው ልጃቸው አሁን አሥራ ሁለት ሞልቷታል። በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ሚስቱ የልጅቱን ልክ ወስዳ በስልክ ትልካለች፤ እሱ ሰፍቶ በሰው ይልካል። «እንዴት ሆነላት?» ሲል «ልክክ አለላት» ይሉታል። ያችን ቃል ሲሰማ አንድ ሳምንት ሙሉ በደስታ ይሠራል፤ ምስኪን።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከሌላ ነገር ጋር ገጠመ። የሥራ ውሉ አለቀና አለቃው አዲስ የአራት ዓመት ውል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። ከፈረመ የቆራጮቹ ኃላፊ ይሆናል። እስከ ሐሙስ ቀትር ካልፈረመ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ መኖሪያ ፈቃዱም ከሥራው ጋር የታሰረ ስለሆነ ሻንጣውን ይዞ አገሩ መግባት ነው። ለሚስቱ «የሚቀጥለው ዓመት መጥቼ እቀራለሁ» ካለ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በየዓመቱ ይላል፣ በየዓመቱ ይቀራል። እውነቱን ለመናገር ዘንድሮም በልቡ ፈርሞ ጨርሷል።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት የልጅቱ ልክ ስልኩ ላይ ገባ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ እጅጌ፤ ሁሉም እንደ ወትሮው በተራ ተጽፏል። ሚሊሜትር በአንድ እጁ እየጎረሰ በሌላው ወረቀት ላይ ማስመር ጀመረ። ከትከሻ እስከ ወገብ ያለው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ቀኝ ሠላሳ ሰባት። ግራ ሠላሳ አራት ተኩል።

መጀመሪያ ሳቀ። «በስንት ጊዜዋ ተሳሳተችልኝ!» አለ፤ ትንሽ ደስም ሳይለው አልቀረም፣ ባል አይደል። ወረቀቱን እንደ ቁጥሩ ቆርጦ፣ ልብስ በሚሞከርበት የሰው ቅርጽ ባለው መስቀያ ላይ በስፒል አያይዞ ሲያየው ግን ሳቁ ጠፋ። አንዱ ትከሻ ወደ ታች ወርዶ ወገቡ ወደ ሌላ በኩል ሸሽቷል። በስህተት የተቆረጠ ነገር ስንት አይቷል፤ ይጨማደዳል ወይም አንድ ቦታ ላይ ይነፋል። ይሄ አልተጨማደደም። በሕይወት ያለች፣ ዘመም ብላ የቆመች ልጅ ልብስ ነው።

ስልኩን ወደ ኋላ ገለበጠ። ካቻምና ሁለቱም ጎን ሠላሳ ሁለት ነበር። አምና ቀኙ ሠላሳ አራት፣ ግራው ሠላሳ ሦስት። ያኔ ልጅ ናት፣ ተወላግዳ ቆማ ይሆናል ብሎ አቻችሎ ሰፍቶታል። ለማያውቀው አስተናጋጅ የኪስ ጠርዝ ሲጨነቅ የሚውል ሰውዬ የገዛ ልጁን አንድ ሴንቲ ሙሉ «ይሁን» ብሎ አልፏታል!

ወዲያው ደወለ። ሚስቱ «ልጅቱ ደህና ናት፣ ሱቅ ሄዳለች» አለችው። ከሥራ ሲወጣ ደወለ፤ ጓደኛዋ ጋ ሄዳለች። በምስል እንነጋገር ሲል የስልኩ ካሜራ ተበላሽቷል። ካሜራው የተበላሸው መቼ ነው ሲል ደግሞ መሥመሩ ተቋረጠ። ሴትየዋ መዋሸት አትችልበትም፤ ስትዋሽ ድምፅዋ ይቀጥናል። ሚሊሜትር ከዚያ በኋላ የልጁን ፎቶዎች አንድ በአንድ ማየት ያዘ። በዓመት ውስጥ ከተላኩት ሁሉ ቀጥ ብላ የቆመችበት አንድም የለም። ወይ ተቀምጣለች፣ ወይ ግድግዳ ተደግፋለች፣ አለዚያም የእናቷን ሰፊ ሹራብ ለብሳለች።

አብሮት የሚኖረው ሹፌር አሥራ አምስት ዓመት የቆየ ሰው ነው፤ ያላየው የለም፣ ቢያንስ እንደዚያ ነው የሚያወራው። ፎቶዎቹን አገላብጦ አይቶ ምንም የላትም፣ አንተ ነገር ፈልገህ ነው አለው። ይህን ዕድል ለመግፋት ሰበብ አታብጅ፣ ሰው የሚለምነውን ወንበር በእግርህ አትምታ ብሎም መከረው። ሚሊሜትር ስልኩን ተቀብሎ ማየቱን ሲቀጥል ሹፌሩ ቆጣ አለ።

«እሺ ታማለች እንበል። ሄደህ ምን ልትሆንላት ነው? ሐኪም ነህ?»

ሚሊሜትር ስልኩን ዘግቶ ተኛ። እውነት ነዋ፣ ጨርቅ ቆራጭ ነው።

ረቡዕ ምሳውን ትቶ የፋብሪካው ደረጃ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ከታች የስፌት መኪኖቹ ጸጥ ብለዋል። ሚስቱ ስልኩን ስታነሣ ሰላምታውንም አላስጨረሳት።

«ልኳን ስትወስጂ ተንቀሳቅሳብሽ ነበር?»

«አልተንቀሳቀሰችም» አለች። «ሦስቴ ነው የለካኋት።»

«ታዲያ ስትደብቂኝ ከርመሽ ቁጥሩን ለምን ጻፍሽልኝ?»

«ሌላ ቁጥር ልጽፍ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።»

ከዚያ ወዲያ ዓመት ሙሉ የያዘችውን ዘረገፈችው። የልጅቱ የጀርባ አጥንት እየተጣመመ ነው። መጀመሪያ ያየው የስፖርት አስተማሪዋ ነው፤ ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ከብብት እስከ ዳሌ የሚያቅፍ የፕላስቲክ መደገፊያ አሠራላት። እድገቷ እስኪያበቃ፣ ሁለት ዓመት ያህል፣ ቀን ከሌት ማለት ይቻላል ማድረግ አለባት። ካደረገችው መጣመሙ ባለበት ይቆማል፤ ካላደረገችው በኋላ የሚጠብቃት ጀርባዋን በኦፕራሲዮን መቀደድ ነው። ልጅቱ ግን ጠዋት እናቷ ፊት ታሠረዋለች፤ ትምህርት ቤት ስትደርስ ሽንት ቤት ገብታ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ልጆቹ «ሳጥን» ይሏታላ። ከላይ የሚዘጋላት ልብስም የላትም፤ አባቷ አምና የላከው በመደገፊያው ላይ አልገባም ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል።

«ልክክ አለላት አላልሽኝም?» ብሎ ሊጮህ ነበር፤ ግን ተወው። ለምን አልነገራችሁኝም ነው ያለው፤ እሱንም በቀጭን ድምፅ።

«እሷ ናት ያስማለችኝ» አለች ሚስቱ። «አባዬ ካወቀ ለኔ ሲል ሌላ አራት ዓመት ይቀመጣል አለችኝ።»

ሚሊሜትር ደረጃው ላይ እንደተቀመጠ አለቀሰ፤ መቼስ ማልቀሱን አንደብቅለትም። አራት ዓመት! አራት ዓመት ማለት የልጅቱ አጥንት አድጎ፣ እንደተጣመመ ደርቆ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ ከሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሚስቱ ግን ና አላለችውም። ሦስቴ ና ብላ ሦስቴ የቀረባት ሴት በአራተኛው እንዴት አፏን ትከፍታለች? ዝም ብለህ አትቸኩል፣ አስብበት አለችውና ስልኩን ዘጋች። የዚያን ቀን ከሰዓት ሚሊሜትር አርባ የሱሪ ወገብ አጣሞ ቆረጠ፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አለቃው ቢሮ ገባ። አለቃው ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ስቦ እስክሪብቶ ከፍቶ ሰጠው። ሚሊሜትር እስክሪብቶውን ይዞ ወረቀቱን አየው። የሹፌሩ ጥያቄ እንደገና መጣበት፤ ሄደህ ምን ልትሆንላት ነው? ሥራ እንደማይጠብቀው ያውቃል፤ ያቺ ጠባብ የስፌት ቤቱ ዛሬ የስልክ መጠገኛ ሆናለች። ግን ደግሞ መደገፊያውን የሚሸፍን፣ ደረቷ ላይ የሚዘጋ፣ ሳጥን የማያስመስላት ልብስ በዚህ ዓለም ላይ ማን ይሰፋላታል? ከሩቅ በላኩት ቁጥር የሚሰፋ አይደለም፤ ሲያስሯት ቆሞ ማየት፣ ስትቀመጥ ስትነሣ ማየት፣ በየወሩ መፍታትና መጨመር ይፈልጋል። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጥሞ መለሰው።

በሰው ቋንቋ ብዙ መናገር አይሆንለትም። «ልጄ እያደገች ነው» አለ ብቻ። አለቃው የምሥራች መስሎት ፈገግ ብሎ እንኳን ደስ አለህ አለው።

ቤቱ የደረሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በቀትር ነው። እመጣለሁ ብሎ አልነገራቸውም፤ ያን ቃል አራተኛ ጊዜ ማለት አፍሮ ነው። ሚስቱ ሥራ ላይ ነበረች። በሩን የከፈተችው ልጁ ናት፤ ራሷ ደረቱ ጋ ትደርሳለች፤ ሰፊውን ሹራብ ለብሳለች፤ ግራ ትከሻዋ ወረድ ብሏል። በፎቶ እንዲህ አይታይም ነበር። ወዲያው አወቀችው፤ ግን አልተጠመጠመችበትም። በሩን እንደያዘች ቆመች።

«ለስንት ቀን ነው?» አለችው።

ሰባት ዓመቷ ሳለ ለሃያ አንድ ቀን መጥቶ ነበር። ያኔ የሄደው ተኝታ ሳለች ነው፤ እንዳታለቅስ ተብሎ።

አልመለስም፣ አልፈረምኩም አላት። አላመነችውም። ፓስፖርትህን አሳየኝ አለችና ተቀብላው እንደ ኬላ ጠባቂ ገጽ በገጽ ገለጠች፤ መኖሪያ ፈቃዱ ላይ የተመታውን የመሰረዣ ማኅተም ስታገኝ ጣቷን አሳርፋ ቆየች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች። ሚሊሜትር የገዛ ቤቱ በር ላይ፣ ልግባ አልግባ እያለ ተገትሮ ቀረ።

መደገፊያውን አቅፋ ተመለሰች። ሹራቧን አውልቃ በካናቴራ ቀረች፤ መደገፊያውን ገላዋ ላይ አድርጋ ጀርባዋን ሰጠችውና ክንዶቿን ከፍ አደረገች። ከኋላ ሦስት ማሰሪያዎች ተንጠልጥለዋል፤ ሐኪሙ እስከየት እንደሚሳቡ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎባቸዋል።

«አንተ እሰረኝ» አለች። «እማዬ ስታስረኝ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ታላላዋለች።»

ተንበረከከና የመጀመሪያውን ሳበ። ልጅቱ ትንፋሿን ዋጠች።

«አመመሽ እናቴ?»

«ገና አልደረሰም» አለች፤ «ሳበው።»

ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ ምልክቱ አልታይ አለው፤ በእጁ ዳብሶ አገኘውና እስኪደርስ ድረስ ሳበው።