ሲሊኮኔ ብረት የሆነበት ሰሞን

እኔ የሙስሊም ነጋዴ ልጅ ነኝ። ግን በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በአሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት፣ በሃያ አንድ ማርያም፣ በሃያ ሰባት መድኃኔዓለም መሆኑን ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ አልሳሳትም። አባቴ ሱቁ ውስጥ ስኳር እየመዘነ፣ «የኔ ልጅ በዓሉን ከቄሱ ቀድማ ነው የምታውቀው» እያለ ደንበኞቹን ያስቃል። ያስተማረኝ ግን ፊዚክስ ነው።

ለማስተርስ ዲግሪዬ የማጠናው የጠጣር ነገሮችን ውስጥ ነው፤ አተሞቹ የት የት እንደተቀመጡ፣ ኤሌክትሮኖቹም በመካከላቸው እንዴት እንደሚኖሩ። ይህን የማየው በስሌት ሲሆን ስሌቱን የሚሠራልኝ ከሱቃችን ጀርባ፣ ክፍሌ ውስጥ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። የዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ለእድሳት ከተዘጋ ወዲህ ሌላ አልነበረኝም። አንዱ ስሌት ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ ማታ ማታ የሰፈሩ መብራት በፈረቃ ስለሚጠፋ የሚሠራው ቀን ብቻ ነው። ችግሩ፣ ከእኛ ጋር በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀመው ጎረቤታችን በያጅ መሆኑ ነው። ከጳውሎስ ሆስፒታል ወደ ላይ ባለው ዳገት በርና መስኮት እየሠራ የኖረ፣ እጁ የተመሰገነ ሽማግሌ። መበየድ በጀመረ ቁጥር አምፖላችን ይደበዝዛል፣ ኮምፒውተሬ ድርግም ብሎ ይጠፋል፣ ልፋቴን ውኃ ይበላዋል።

አንድ ቀን ንድድ ብሎኝ ወጥቼ ጮህኩበት። መከለያውን ከፊቱ ከፍ አድርጎ፣ «እኔስ እንጀራዬ አይደል እንዴ ልጄ?» አለኝ። እውነቱን ነው። በመጨረሻ ተስማማን። እሱ የወር በዓላቱን አጥብቆ ያከብራል፤ በእነዚያ ቀናት ብረት አይነካም። ስለዚህ በእሑድና በበዓላቱ መብራቱ የእኔ ሆነ። እኔም የአተሞቼን ሥራ በቅዱሳን ቀን መቁጠሪያ ማስያዝ ጀመርኩ።

መምህሬ ወደ ርዕሴ ከመግባቴ በፊት መልሱ የታወቀውን ሲሊኮንን አስልቼ እንዳሳየው አዞኝ ነበር። ሲሊኮን ውስጥ ኤሌክትሮኖች ሊኖሩበት የማይችሉት የኃይል ክፍተት አለ። ስልኩም ኮምፒውተሩም የሚሠራው ያ ክፍተት ስላለ ነው። የእኔ ሲሊኮን ግን ክፍተት የለውም። በማርያም ሞከርኩ፣ የለም። በመድኃኔዓለም ሞከርኩ፣ የለም። ወሩ ብቶ በሚካኤል ደግሜ ሞከርኩ፤ አሁንም ልክ እንደ ብረት ሆኖ ወጣ። ሚካኤል የዋለው ሰኞ ነበር።

ማክሰኞ ለመምህሬ አሳየሁት። «እንዳንቺ ሲሊኮን ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ የሚሠራ ስልክ አይኖርም ነበር» አለኝ። ከዚያ ሳይስቅ፣ «እስከ ሐሙስ ካላስተካከልሽው ርዕሱን ለሌላ ተማሪ እሰጠዋለሁ። ስሌት ለሁሉም ሰው አይሆንም» ብሎ ጨመረ። ርዕሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያነበብኩበት ነው። ታክሲ ውስጥ እንባዬን እየዋጥኩ ሰፈሬ ደረስኩ። ከሐዘኔ ንዴቴ ይበልጥ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ደጅ ላይ ጫጫታ ሰምቼ ወጣሁ። እንጦጦ ሥር ቤት የምታሠራ አንዲት ሴትዮ ያዘዘችውን የመስኮት ፍሬም በሰው አሸክማ መልሳዋለች። ፍሬሙ ለመስኮት ከተተወው ክፍተት በጣም አንሶ፣ ግድግዳው ጋ ሲያደርሱት ወደ ውስጥ አልፎ ወድቋል። በስልክ «አርባ በሃምሳ» ብላዋለች፤ እሷ በኢንች፣ እሱ የቆረጠው በሴንቲሜትር። ሴትዮዋ ተቆጥታ ስትሄድ ሽማግሌው በአንድ ጎኑ ኢንች፣ በሌላው ሴንቲሜትር ያለበትን ሜትሩን ዘርግቶ ራሱን ይወቅሳል፤ «ቁጥሩማ ልክ ነው። ያየሁት በሌላኛው በኩል ነው እንጂ። እኔ የመጸዳጃ ቤት መስኮት መስሎኝ!»

ከት ብዬ ሳቅኩ። ወዲያው ግን ሳቄ መሃል ላይ ቆመ፤ ወደ ክፍሌ ሮጥኩ።

የጻፍኩትን ከፈትኩ። ስልሳ አራቱን አተሞች የያዘው ሳጥን ጎን 10.86 ይላል። ቁጥሩማ ልክ ነው። በአንግስትሮም፣ አተሞች በሚለኩበት መለኪያ፣ መሆኑን የሚናገረውን ቃል ግን አልጻፍኩም። ቃሉ ከሌለ ፕሮግራሙ የሚያነበው በራሱ መለኪያ ነው፤ የአንግስትሮምን ግማሽ ያህል በሆነ መለኪያ። ምስኪኖቹን አተሞች እንደ ጠዋት ታክሲ ተሳፋሪ ጠቅጥቄያቸው ኖሯል። ክፍተቱ ቢጠፋ ምን ይገርማል?

ስመለስ ሽማግሌው ፍሬሙን እንደገና ሊሠራ ማሽኑን ሊያስነሳ ነው።

«ጋሼ፣ የእርስዎኑ ስህተት ነው የሠራሁት» አልኩት። «አሁን አገኘሁት። ግን እስከ ነገ ካላደረስኩ ርዕሴን ይወስዱብኛል።»

ፍሬሙን አየ፣ እኔን አየ። «ኪዳነ ምሕረት አርብ ናት» አለ ለራሱ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የማሽኑን ሶኬት ነቀለው። «በይ ግቢ፤ ዛሬ ያንቺ በዓል ነው።»

ቀኑን ሙሉ ብረቱን በእጅ መጋዝ ሲቆርጥ ዋለ። እኔ የመጋዙን ድምፅ እየሰማሁ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጥኩ ዋልኩ፤ ምሳም አልበላሁ። አሥር ሰዓት ላይ አለቀ። ከላይ መስመሮች፣ ከታች መስመሮች፣ መሃሉ ባዶ። ክፍተቱ አለ! እልልታዬን አቀለጥኩት፤ አባቴ የስኳሩን መዛቂያ እንደያዘ እየሮጠ መጣ።

ሐሙስ መምህሬ በወረቀት ያተምኩትን ስዕል ወደ ብርሃን አስጠግቶ አየው። «ክፍተቱ በሙከራ ከተለካው ያንሳል፤ ለምን?» አለ።

«ይሄ ዘዴ ምንጊዜም ያሳንሰዋል፤ እሱ የእኔ ጥፋት አይደለም» አልኩት። «የእኔ ጥፋት መለኪያው ነበር፤ አርሜዋለሁ።»

ስዕሉን መልሶ ሰጠኝና፣ «ርዕሱ ያንቺ ነው፤ ሰኞ ጀምሪ» አለኝ። ዳገቱን እስከ ሰፈሬ በሩጫ ነው የወጣሁት።

አርብ ኪዳነ ምሕረት ስለነበረች ሽማግሌው ብረት አልነካም። ቅዳሜ ግን የሴትዮዋን መስኮት ከጨረሰ በኋላ ስዕሌን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ፍሬም ሊሠራለት ነው። ሜትሩን አውጥቶ፣ «በየትኛው በኩል ልለካው?» ሲል ጠየቀኝ።

«በሴንቲሜትሩ፣ ጋሼ።»

ስዕሉ ልክ ገባ። አሁን ሱቃችን ውስጥ ከስኳሩ በላይ ተሰቅሏል። ደንበኞች መሃሉ ባዶ የሆነውን ነገር አይተው ምን እንደሆነ አባቴን ይጠይቁታል። እሱ ስለ ኤሌክትሮን የሚያውቀው ነገር የለም።

«የልጄ በዓል ነው» ይላቸዋል።