ብል ያሸተተችው ካፖርት፦ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ

ማለዳ፣ ሰበታ

ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ። ከተማው ገና በጭጋግ ውስጥ ነው። የዳቦ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ ታክሲ ተራው ላይ ረዳቶቹ እጃቸውን እያፋተጉ "አየር ጤና! አየር ጤና!" ይላሉ። በፌስታል የያዝኩት የባለቤቴን የደበላን የሱፍ ካፖርት ነው። ደበላ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ካረፈ ዓመት አለፈው። በልቅሶው ሰሞን ታላቅ ወንድሙ ኦቦ ጉተማ "ካፖርቱን ለእኔ" ብለው ነበር። እሺ አልኩ፤ ግን ሳልሰጣቸው ከረምኩ። አሁን ሱሉልታ ላይ ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ለሠርጉ ሊለብሱት ፈልገዋል።

ችግሩ፣ ብል በልቶታል።

ጥፋተኛዋን አንብቤ አውቄአታለሁ። ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ፣ ብርሃን የምትሸሽ ክንፋም ናት። አፍንጫ የላትም፤ ራሷ ላይ በበቀሉ ሁለት ቀጫጭን ክሮች አየሩን ታሸታለች። ንጹሕ ሱፍ ብዙም አይማርካትም። ላብ የጠጣ ሱፍ ስታገኝ ግን እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች፤ ከዚያ በኋላ የሚበሉት ልጆቿ ናቸው። እኔ ደግሞ የደበላ ሽታ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ካፖርቱን አላጠብኩትም፤ የብል መድኃኒትም አላደረግሁበትም። ድግስ ደግሼ ጠራኋት ማለት ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ያለችው ሴት የበሰለ ማንጎ ይዛለች። አንዲት ዝንብ ያን ሁሉ ተሳፋሪ አልፋ ማንጎው ላይ አረፈች።

"ዝንቧ ያንቺ ናት?" አላት ረዳቱ። "ሂሳብ አልከፈለችም።"

"አንተን ተከትላ ነው የገባችው" አለችው ሴትዮዋ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ የፌስታሌን አፍ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት።

ረፋድ፣ ቡራዩ

ዊንጌት ላይ ታክሲ ቀይሬ ቡራዩ ገባሁ። ያልተለሰኑ ፎቆች፣ የብሎኬት ክምር፣ ጭቃ የሚረጭ ባጃጅ። ድሮ ይህንኑ ካፖርት ያሳጠረልን ልብስ ሰፊው ከድር፣ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ገፍቶት ሱቁን እዚህ ከፍቷል። ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ጀርባው ደህና ነው፤ አንገቱና ብብቱ ወንፊት ሆኗል።

"እትዬ ሙሉ፣ ይቺ ብል ምርጫ ታውቃለች!" አለ።

"ይደፈናል?"

"ከውስጥ ክር መዝዤ እሸምነዋለሁ። ግን መጀመሪያ ይታጠብ። እንቁላሉ እያለ ብሰፋው ለልጆቿ ቤት ማደሴ ነው።"

"ሳይታጠብ ቢሆንስ?"

ቀና ብሎ አየኝ። ነገሩ ገብቶታል። "እትዬ፣ ወይ ካፖርቱ ይተርፋል፣ ወይ ሽታው። ሁለቱን አልችልልዎትም። ምሳ በልቼ እስክመለስ ይወስኑ።"

አልወሰንኩም። ሳይመለስ ካፖርቱን አጣጥፌ ወጣሁ።

ከሰዓት፣ ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ፣ ከዚያ ቁልቁል። ባሕር ዛፉ ሲያልቅ ሜዳው ተዘረጋ፦ የድርቆሽ ክምር፣ ላሞች፣ ጆሮ የሚቆርጥ ንፋስ። ኦቦ ጉተማ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"አካም ጂርታ፣ ሙሉ?" ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ።

"ፈያ፣ ደህና" አልኩና፣ ቤት ሳልገባ ቀዳዳዎቹን አሳየኋቸው። እንዲቆጡ ጠብቄ ነበር።

"ብሏ ቀድማኝ ለበሰችዋ!" አሉ።

የከድርን ነገር ነገርኳቸው። "ካጠብኩት ከደበላ ምንም አይቀረኝም" አልኳቸው።

ካፖርቱን ተቀብለው አንገቱ ላይ አፍንጫቸውን ቀበሩ። ቆዩ። ያለቅሳሉ ብዬ ፈራሁ።

"ሙሉ" አሉ ቀና ብለው፣ "ወንድሜ ናፍጣ ናፍጣ ነበር የሚለው። ገላውን ታጥቦ እንኳ አይለቀውም ነበር። ይሄ የፀጉር ቅባትና ሽንኩርት ነው።"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"አንቺን አንቺን ነው የሚለው። ዓመቱን ሙሉ ታቅፈሽው ስትተኚ ከርመሽ የለም እንዴ?"

እጄን ወደ ካፖርቱ ዘረጋሁ።

"እንግዲያ ብሏ አንቺን ስትበላ ከርማለች፤ ደበላን ለምን ታሚዋለሽ?"

ነጥቄአቸው አሸተትኩ። የእኔው ቅባት ነው። ደበላ ከካፖርቱ የወጣው መቼ እንደሆነ እንጃ፤ የራሴን ሽታ ስለለመድኩት እሱ መስሎኝ ስጠብቀው ኖሬአለሁ። ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮት።

"ውሃ ይሙቅልኝ" አልኩ።

ሙሽሪት ልጃቸው ሳፋ አመጣችልኝ። በእጄ አጠብኩት፤ ውሃው ጠቆረ፣ ተደፋ፣ እንደገና ጠቆረ። ሲጨመቅ አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን ኦቦ ጉተማ ያዝን። ከድር ጋ ራሳቸው እንደሚወስዱት ተስማማን። ገመዱ ላይ ስንሰቅለው እጅጌዎቹ ይንጠባጠቡ ነበር።

"በዚህ ብርድ ዛሬ አይደርቅም" አሉ። "ነገም እንጃ። ቁጭ ብለሽ ትጠብቂዋለሽ።"

ደበላ ከሞተ ወዲህ ከቤቴ ውጭ አድሬ አላውቅም። ስልኬን አወጣሁና ሰበታ ላለችው ጎረቤቴ ደወልኩ።

"ዶሮዎቹን አስገቢልኝ" አልኳት፤ "ካፖርት እያደረቅን ነው።"