ያልበረረ በረራ ወረቀት የለውም

ከሐረር የወጣሁ ቀን ባለቤቴ ሐሊማ ልጃችንን ኢማንን አዝላ እስከ ፈረስ መጋላ ሸኘችኝ። “አንድ ዓመት ነው፣ ኢንሻአላህ፤ ከዚያ አስመጣችኋለሁ” አልኳት። ይኸው አራተኛው ዓመት ተጋመሰ።

ጅቡቲ ትንሽ ሠርቼ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ አሁን አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ በሆቴል ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ሙቀቱ የድሬዳዋን ያስመሰግናል። ሩዝ የሚቀቅሉት በኮኮናት ወተት ነው፤ በርበሬ ብትጠይቋቸው በሽተኛ እንዳዩ ያዝኑላችኋል። ይህን ሁሉ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት አውሮፕላኑን ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ የሚታደሰውም፣ ቤተሰብ ለማስመጣት ያስገባሁት ማመልከቻ የሚታየውም ትልቁ ደሴት ላይ ነው። ከባሕሩ ዳር ሆኜ አየዋለሁ፤ ሐረር ውስጥ ጋራ ሐኪምን ከፈላና በር እንደማየት ነው። የሚያገናኘን ግን አንድ ትንሽ አየር መንገድ፣ ያውም በአንድ አውሮፕላን። ለሐሙስ ቀጠሮዬ፣ ለጥንቃቄ ብዬ፣ ማክሰኞ ኤርፖርት ተገኘሁ።

“ሚዛን ላይ ውጣ” አለችኝ ትኬት የምትቆርጠው ማዳም።

“ሻንጣውን ነው?”

“ራስህን።”

እንደ ድንች ጆንያ ተመዘንኩ። “ዛሬ ፍሪጅ ጭነናል፣ አንተ አትገባም። ዲማን” አለችኝ። ዲማን ነገ ማለት ነው፤ ከቋንቋቸው መጀመሪያ የገባኝ ቃል እሱ ነው። ረቡዕ ነፋስ ነው ተባለ። ሐሙስ ጎማ ነው ተባለ። ወላሂ፣ ዓርብ ስንነሳ ጸሎቱም ንዴቱም አልቆብኝ ነበር። መንገዱ ሃያ ደቂቃ አይሞላም!

ከኢሚግሬሽን ቢሮው በር እየሮጥኩ ደረስኩ።

“ቀጠሮህ ትናንት ነበር” አለኝ ሹሙ፣ ቀና ሳይል።

“አውሮፕላኑ አልበረረም፣ ጌታዬ።”

“ጀልባ አለ።”

“ጀልባው ባለፈው ወር ሰጠመ እኮ።”

“ቢሆንም ቀጠሮ ቀጠሮ ነው። አለመብረሩን የሚገልጽ ወረቀት ይዘህ ና።”

ወደ አየር መንገዱ ቢሮ ሮጥኩ። እዚያ ያለው ሰውዬ በደንብ ካዳመጠኝ በኋላ፣ “እኛ የምንጽፈው ለበረረው ነው” አለኝ። “ያልበረረ በረራ ወረቀት የለውም።”

ስመለስ ሹሙ ለጁምዓ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ነበር። የእኔን ፈቃድ በምሕረት ለስምንት ወር አራዘመልኝ። የቤተሰቤ ማመልከቻ ግን ተዘጋ፤ ስምንት ወሩ ሲያልቅ ከሀ ይጀመራል።

ኤርፖርት ተመልሼ፣ የመመለሻውን በረራ እየጠበቅሁ፣ ሐሊማ ጋ ደወልኩ።

“ምን አሉህ?”

ስለ ፍሪጁ፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ጎማው መተረክ ጀመርኩ። አቋረጠችኝ።

“እስከ መቼ ነው?”

“ስምንት ወር። ከዚያ እንደ አዲስ።”

ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ሰማሁ። “የት ነሽ?” አልኩ።

“የኢማን ትምህርት ቤት ምዝገባ ላይ ነኝ። አምና ‘አባቷ ጋ ትሄዳለች’ ብዬ ሳላስመዘግባት ተውኳት። ዘንድሮስ?”

“አስመዝግቢያት።”

“እሺ።” ከአጠገቧ መዝጋቢዋ ስትናገር ሰማሁ። ሐሊማ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። “ቅጹ የአባት ስልክ ይላል። የውጭ ቁጥር አይቀበልም አለችኝ። የወንድሜን ላስጽፍ?”

“የወንድምሽን አስጽፊ” አልኳት።