ለአራት ሰው የተሳለች ቤት መኪና

ልጄ የሳለችው ወረቀት ዛሬም ከኩሽናችን ቁም ሣጥን በር ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደተለጠፈ ነው። በሩ ሲዘጋ አይታይም፤ ስኳር ላወጣ ስከፍተው ግን ፊት ለፊቴ ይደቀናል። የአንዲት መኪና ሆድ ዕቃ ነው የተሳለበት፤ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ አራት መኝታ። በየመኝታው ላይ የሚተኛው ሰው ተጽፏል። በመስኮቱ በኩል ባለው ላይ «አባዬ» ይላል፤ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «ሱቅ የለም፣ ስልክ የለም» የሚል ትእዛዝ አለበት።

ያኔ አስራ አንደኛ ክፍል ነበረች። ቤታችን ሮዘተንቪል የሚባል የከተማ ሰፈር ነው፤ ሱቄ፣ እዚህ ስፓዛ የሚሉት ዓይነት ትንሽ ሸቀጥ መሸጫ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ቶኮዛ በሚባል የጥቁሮች ሰፈር ነው። ልጆቼን ተኝተው ጥያቸው እወጣና ተኝተው አገኛቸው ነበር። እሁድ እሁድ ለቤተ ክርስቲያን ካልሆነ በቀር ሱቁ ተዘግቶ አያውቅም። አንድ ቀን ብዘጋ ደንበኛዬ ሁሉ ማዶ ካለው ሱቅ ገብቶ በዚያው የሚቀር ይመስለኝ ነበር። በብረት ፍርግርግ ቀዳዳ ዳቦና ላምባ ሳቀብል ሁለት ልጆች አደጉብኝ።

እዚህ አገር ክረምት ማለት ዝናብ አይደለም፤ ሣሩን አድርቆ ከንፈር የሚሰነጥቅ ብርድ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነጮቹ የክፍል ጓደኞቿ መኝታና ወጥ ቤት ያላት መኪና ተከራይተው ወደ በረሃ ይሄዳሉ። እሷም አንድ ቀን ሱቅ ድረስ መጥታ «እኛስ?» አለችኝ።

«እኔ መኪና ውስጥ መተኛት በቅቶኛል» አልኳት። «ወደዚህ አገር ስመጣ ስንት ድንበር ያለፍኩት በጭነት መኪና ሸራ ሥር ተኝቼ ነው።»

«ይሄኛው መስኮት አለው» አለችኝ።

አምስት ቀን ሱቁን እንደምዘጋ ቃል ገባሁ። ደንበኛ ዳቦ ይዞ እስኪሄድ ጠብቃ አንድ ነገር ብቻ አስማለችኝ። «ጀስት አስ፣ አባዬ። እኛ አራታችን ብቻ።» እኔም ቀላል ነገር መስሎኝ ማልኩ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። የካላሃሪ ቀይ አሸዋ ላይ እንዴት እንደሚነዳ እራት እየበላን ታስተምረኛለች። አሸዋው ጋ ስትደርስ የጎማውን አየር ቀነስ ታደርጋለህ፤ ጉብታውን ስትወጣ መሃል ላይ አትቆምም፤ ከአሸዋው ስትወጣ ጎማውን መልሰህ ትነፋለህ። በማግስቱ ትፈትነኛለች፤ ስሳሳት «እንግዲህ እዚያው አሸዋ ውስጥ ቀረህ» ብላ ትስቅብኛለች። እናቷ ዳቦ ቆሎ መቁላት የጀመረችው ገና ወር ሲቀረን ነው፤ ግማሹን ሳንሄድ በላነው።

አንድ እሁድ ማታ ሳሎኑን ባዶ አድርጋ በፕላስተር ወለሉ ላይ የመኪናዋን ልክ ለጠፈች። አራታችንም በየቦታችን ተኛን። «አባዬ፣ እግርህን ሰብስብ፣ የእማዬን ቦታ ወሰድክ!» ትላለች፣ ሜትር በእጇ። ትንሹ ልጄ እዚያው በመሥመሩ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው። እንደዚያ ተጠጋግተን ከተኛን ስንት ዓመት ሆኖን እንደነበር እንጃ። እኔም ወደ ጣሪያው ዞርኩ።

ጥፋቱን የሠራሁት ከዚያ በኋላ ባለው እሁድ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን መንገድ የሚሄድ ሰው ከጉባኤው ፊት ቆሞ የጸሎት ርዕሱን ይናገራል። «መንገድ አለብኝ፣ ጸልዩልኝ» ብሎ መቀመጥ ይበቃል። እኔ ግን ማይክራፎኑን ስይዝ ልቤ አበጠ። ቤት መኪናዋን፣ አሸዋውን፣ አምስቱን ቀን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ልጄ ከመዘምራኑ መሃል ቆማ እያየችኝ ነበር። ሰው በእልልታ ሲቀበለኝ እሷ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች።

ከጸሎቱ በኋላ ሽማግሌያችን ክንዴን ያዙኝ። «ወንድሜ፣ በረሃውን ብቻችሁን ልትገቡ? እኛ ምን ሆነን?» ሌላው ቀጠለ፣ «የእኔ ሚኒባስ አለች።» ሦስተኛው በግ አመጣለሁ አለ። እምቢ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ያወጣሁት ቃል ግን «ደስ ይለናል» የሚል ነበር።

ይሉኝታ ብቻ አልነበረም፤ ይህን ልጄም ታውቃለች። ሱቄ የተዘረፈ ጊዜ፣ እጄን አጨብጭቤ የቀረሁ ጊዜ፣ ቤታቸውን ከፍተው ከነልጆቼ ሁለት ወር ያኖሩን እነዚሁ ሰዎች ናቸው። በየትኛው ፊቴ ነው «ይህኛው ለእኛ ብቻ ነው» የምላቸው? ያን ቀን እንደዚያ አስቤ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ቀድሜ ያንን ሁሉ ባልለፈልፍ ኖሮ ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

ሃያ ሦስት ሰው ሆንን። ሚኒባስ አሸዋ ላይ ስለማይሄድ በረሃው ቀረ። ከመካከላችን አንዱ ፐርሚቱን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የሚያሳድስበት ቀጠሮ ስለነበረው ቀኑ ተገፋ። ቤት መኪናዋን ሰረዝኳትና ሦስት ሰዓት ከማይሞላ መንገድ ላይ ያለ ፍል ውሃ ለሦስት ቀን ሄድን። ለልጄ የነገርኳት ከመሄዳችን በፊት ኩሽና ውስጥ ነው። አልጮኸችም። የተጓዦቹን ስም ዝርዝር ከእጄ ተቀብላ አነበበችና «የእኛስ ስም የት አለ?» አለች። አሳየኋት፤ በአሥራ አንደኛው ተራ «የእኛ ቤት፣ 4» ተብሎ ነበር የተጻፈው።

«ወገን እኮ ናቸው፣ ልጄ» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ አባዬ» አለች።

ፍል ውሃው ጥሩ ነበር፤ መዋሸት የለብኝም። በጉ ታረደ፣ ተዘመረ፣ ልጆች ውሃው ውስጥ ውለው እጃቸው ተጨማደደ። እሷ ሦስቱንም ቀን የሰው ልጆች ስትጠብቅና ሳህን ስታመላልስ ዋለች። ሽማግሌው ሳይቀሩ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ አሳደግህ» አሉኝ። ደረቴን ነፋሁ። ጨዋነቷ ከእኔ ጋር የነበራትን ተስፋ አጣጥፋ ማስቀመጧ መሆኑ ፈጽሞ አልታየኝም። አንዴ ብትቆጣኝ፣ አንዴ በሩን ብታጋጭብኝ ኖሮ እነቃ ይሆናል።

በቀጣዩ ክረምት ለማትሪክ ፈተና እያጠናች ነበር። እኔም «ከፈተና በኋላ» እያልኩ አለፈ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባችና ኬፕታውን ሄደች። ስልክ ስደውል በደንብ ታወራኛለች፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሱቁ ትጠይቀኛለች። ቅር የሚል ነገር አላገኝባትም። እኔን የሚበላኝም እሱ ነው፤ ለሽማግሌው የምታሳየውን ትሕትና ለእኔም ታሳየኛለች።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲቃረብ አንድ ጠዋት ስኳር ላወጣ ያንን በር ስከፍት ቆርጬ ተነሣሁ። ለማንም አልተናገርኩም። እሁድም የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። እሷ በሥዕሉ ጥግ የጻፈችውን ዓይነት ፎር ዊል ቤት መኪና ፈልጌ ለአምስት ቀን ተከራየሁና ከሱቅ ደወልኩላት።

«ቤት መኪናዋን ያዝኳት» አልኳት። «በረሃው፣ ቀዩ አሸዋ፣ ሁሉም።»

«ሌላ ማን ይመጣል?» አለችኝ። ቀልድ አልነበረበትም።

«ማንም! ማንም አይመጣም። እኛ ብቻ።»

«አባዬ...» አለችና ቃል መረጠች። «እኔ እኮ ሄድኩ። አምና በሆሊዴይ፣ ከጓደኞቼ ጋር። ቅር እንዳይልህ ብዬ እማዬን እንዳትነግርህ ለምኛት ነው። ዘንድሮ ደግሞ ሥራ ይዣለሁ። እናንተ ሂዱ፤ በጣም ያምራል። ጎማውን ማስተንፈስ ብቻ እንዳትረሳ።»

«አልረሳም» አልኳት። «ስንት ሆናችሁ ሄዳችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አራት» አለች።

ደንበኛ መጣብኝ፣ እደውልልሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። ከፍርግርጉ ውጭ ማንም አልነበረም።