ደረቴ ላይ ያስጠለፍኩት ፈረስ

የጥምቀት ዕለት ጠዋት... አሰላ። አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ ግራ ደረቴ ላይ ቀይ ፈረስ አስጠልፌ ከቤት ስወጣ የነበረኝን ኩራት ብታዩ! ፈረሱን የሣልኩት ራሴ ነኝ። እንዲህ ያለ ሸሚዝ ያለኝ በአገሩ እኔ ብቻ ነኝ... ብዬ ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ አሰላ ጸሐፊ ሆኜ እሠራለሁ። አከራዬ እማማ አስካለ ዲክሲስ ያለችውን የወንድማቸውን ልጅ ጥሩነሽን ሊያጩልኝ ሽማግሌ ላኩ። አባትየው ግን በዚያ ዘመን ተሰምቶ የማይታወቅ ነገር ተናገሩ።

«ልጄ በዓይኗ አይታ እሺ ካላለች አልሰጥም!»

እማማ አስካለ መላ ዘየዱ። «ለጥምቀት ትመጣለች። ከሩቅ ታይሃለች። የኔ ዓይን እንደሆነ ደክሟል፣ ሰው አይለይም። አንተ ብቻ ምልክት ያለው ልብስ ልበስ፣ ምልክቱን እነግራታለሁ» አሉኝ።

እኔም ሌላ ሰው የማይለብሰው ነገር ይሁን ብዬ ፈረስ ሣልኩና ለንጉሤ ወሰድኩለት። ንጉሤ ልብስ ሰፊ ነው። ጓደኛዬም ነው፣ ባገባ ሚዜዬ ሊሆን ከድሮ የተስማማን። መለሎ፣ መልከ መልካም፣ ዘፈን አውራጅ... ምን ልበላችሁ፣ ሲያልፍ ሰው ዞሮ የሚያየው ዓይነት። ሥዕሌን ገልበጥ ቀና እያደረገ አየውና ሳቀ።

«ኩን ፈርደ ሞ ሆላ?» አለኝ በኦሮምኛ። ፈረስ ነው በግ ማለቱ ነው።

«ፈረስ ነው! ዝም ብለህ ጥለፍ!» አልኩት። ለምን እንደፈለግኩት ግን አልነገርኩትም፤ የሽምግልና ነገር ሳያልቅ አይወራም። ሠርቶ ጨርሶ ዋዜማው ድረስ ሱቁ በር ላይ ሰቅሎት ከረመ። ሰው እየቆመ ሲያደንቀው ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር፣ የኔ ነገር!

እና የጥምቀት ዕለት ታቦቱን ልናጅብ ስንሄድ... መጀመሪያ ያየሁት ሥጋ ሻጩን ነው። ደረቱ ላይ ቀይ ፈረስ። ቀጥሎ ኢተያ የሚመላለሰው መኪና ሾፌር። ፈረስ! ከዚያ ወንድማማቾች ተያይዘው መጡ፣ ሁለቱም ፈረስ! ዞር ባልኩበት ሁሉ ያ በግ የመሰለ ፈረሴ እግሩን አንሥቶ ያየኛል።

ከጨፋሪው ፊት ደግሞ ማን አለ? ንጉሤ! ዱላውን ይዞ ይዘላል፣ ደረቱ ላይ ፈረሴን ለብሶ።

«ምንድነው ይሄ?» ብዬ እጁን ያዝኩት።

«ሰዉ ወደደልህ እኮ! እንደዚያኛው ሥራልኝ ብሎ አላስቀምጥ አለኝ። ለራሴም ሠራሁ። ደስ አይልህም እንዴ?»

«አውልቀው!»

«በጥምቀት ራቁቴን ልሂድ? ምን ነካህ?» ብሎኝ ወደ ጭፈራው ተመለሰ።

ዳገቱ ላይ እማማ አስካለ ጥላ ይዘው ቆመዋል። አጠገባቸው አንዲት ልጅ... ጥሩነሽ ናት። ከነጠላዋ ሥር ጣቷን አውጥታ ጠቆመች። ወደ ንጉሤ። ንጉሤ ደግሞ በዚያ ቅጽበት ጭራሽ ከሰው ሁሉ በላይ ዘለለ። ልጅቷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

እኔ ከከበሮ መቺው ኋላ በእግር ጣቶቼ ቆሜ እንጠራራለሁ። እንዳልጠራት አላውቃት። እንዳልሄድ፣ እሺ ሳትል አጠገቧ ብደርስ ነውር ነው፣ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። እዚያው ሆኜ ሌላ ሰው በኔ ፈረስ ሲታይልኝ አየሁ።

ከሰዓት እማማ አስካለ እልል እያሉ መጡ። «እሺ አለች! ቁመናው ደስ ብሎኛል አለች!»

ቁመና... እኔ እኮ የንጉሤ ብብት ሥር ነው የምደርሰው!

«እማማ፣ ያየችው እኔን አይደለም።»

«እንዴት አይደለህም? ፈረስ አልነበረህም?»

«ሁሉም ሰው ፈረስ ነበረው!»

እማማ ራሳቸውን ያዙ። «እንግዲያው ዝም በል። ወንድሜ ልጄን መሳቂያ አደረጋችኋት ይላል።»

«ሌላ ቀን ትየኝ።»

«የገበያ በሬ ነህ እንዴ ደጋግመህ የምትታየው?»

ለመንኳቸው፣ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። በመጨረሻ «በቃ፣ እኔ እነግራታለሁ» አሉኝ። አመንኳቸው።

ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ሆነ። ዲክሲስ ሄድን። ንጉሤ ሚዜ ነውና ቀድሞኝ ገባ። ሙሽራዋ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ቀስ ብላ ዓይኗን ስታነሣ ንጉሤን አየችው... ፊቷ በራ። ወዲያው ንጉሤ ገለል አለና «ሙሽራው ይኸውላችሁ!» ብሎ እኔን ወደ ፊት ገፋኝ።

እማማ አስካለ አልነገሯትም ነበር።

ያ ፊት ሲጠፋ አየሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ። እኔ ምን ልበል? እሷስ ምን ትበል?

ስንመለስ በኪራይ መኪና ጋቢና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አሰላ ልንገባ ስንል ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ።

«ፈረሱ... ያንተ ነው?»

«አዎ። እኔ ነኝ የሣልኩት።»

«ቆንጆ ፈረስ ነው» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ይኸው ወልደን ከብደን፣ የልጅ ልጅ አይተን አብረን አለን። ስለዚያ ጥምቀት አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም። ብቻ ከቁም ሳጥኑ ላይ ዕቃ ላወርድ ስንጠራራ ካየችኝ... ወንበር ታመጣልኛለች።