ሐላል የተባለች ድሪቶ

የእህቴ ልጅ ሰሚራ ዘንድሮ ለትምህርት ከኮምቦልቻ ደሴ እኔ ቤት ስትመጣ፣ ከባጃጅ የወረደችው አንድ ትልቅ ጥቅልል ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። «ምን ተሸክመሽ ነው የመጣሽው?» ብላት አልጋው ላይ ዘረጋችልኝ። አወይ! እኔና እናቷ ሩቂያ የሰፋናት ድሪቶ! ቀለሟ ደብዝዟል፣ እሷ ግን ራሷ ናት። ወዲያው የአባባ ሱቅ ሽታ መጣብኝ፤ የከሰል ካውያው፣ የስፌት መኪናው ዘይት፣ ውሃ ተረጭቶበት የሚተኮስ አዲስ የቴትሮን ጨርቅ።

አባባ ደሴ ሰኞ ገበያ፣ ሱቁ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ለኢዱም ለፋሲካውም የኛን ሰፈር፣ የሆጤን ሰው የሚያለብሰው እሱ ነው። ታላቅ እህቴ ሩቂያ ለኮምቦልቻ ሰው የታጨች ጊዜ እኔ ገና ጥርሴ እየወለቀ የሚበቅል ልጅ ነበርኩ። አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። የደሴን ብርድ ያየ ያውቀዋል፤ እግሬን እግሯ መሃል ካልሰካሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቤቱ ሁሉ ስለ ሰርጉ ሲያወራ እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስጨንቀኝ፤ ሩቂያ ኮምቦልቻ ከገባች ትረሳኛለች። አንድ ቀን አላስችለኝ ብሎ ነገርኳት። «አንቺን? ወላሂ አልረሳሽም!» አለች። እኔ በመሐላ የምመለስ ልጅ አልነበርኩም፤ አለቀስኩ። «እንግዲያው አብሽሪ፣ ከአባባ ቁርጥራጭ ብርድ ልብስ እንሰፋለን። ያንቺም ቀሚስ ይገባበታል። አንቺን ለብሼ እየተኛሁ እንዴት ነው የምረሳሽ?» አለችኝ። ይሄኛው ገባኝ።

አባባ ከስፌት የተረፈውን እራፊ ሁሉ በጆንያ ያጠራቅም ነበር፤ ግን ለራሱ አንዲት ብጣሽ አይነካም። ስንጠይቀው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ «ጨርቁ የባለቤቱ ከሆነ ፍርፋሪውም የባለቤቱ ነው። ዙሩና ‹ፈቅደናል፣ ሐላል ይሁን› አስብሉ። ልጄ የሰው ሐቅ ተከናንባ ትዳር አትገባም» አለን። እናታችን ደግሞ ስትሰማ እሳት ለበሰች። «ድሪቶ አስይዤ ልድራት? የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል የሰው እራፊ ያደምቃል ብላችሁ ነው? የአማቶቿ መሳቂያ ላደርጋት!» አለችና፣ ሩቂያ ስታለቅስ ጊዜ ትንሽ በረድ ብላ፣ «በሉ ስፉ፤ ብቻ ሰው እንዳይሰማ» አለች።

ሰው እንዳይሰማ! አባባ እኮ በየቤቱ እየዞራችሁ ጠይቁ ብሎናል። የሁለቱንም ትእዛዝ ማክበር ስላልቻልን የአባባን አከበርን፤ ሆጤ ውስጥ ያልሰማ አልቀረም። እትዬ ዘይነባ «ሐላል ይሁንላችሁ» ብለው ሳያበቁ፣ «ቆይ፣ ያቺ ብጣሽ ምን ትሆናለች» ብለው ከሣጥናቸው የከፋይ ቁራጭ ጨመሩልን። እማማ አስካለ የፋሲካ ቀሚሳቸውን እራፊ አገላብጠው አይተው መረቁን። ጋሽ ሙሄ ብቻ፣ «እንዴ! ጨርቁ አልበቃም ብሎ ሱሪዬን አሳጥሮብኝ፣ ቁራጭ ደግሞ ተረፈው?» ብለው ጮኹብን። ልንሮጥ ስንል ሳቃቸው አመለጣቸው። «ሂዱ፣ ሐላል ብያለሁ። አባታችሁን ግን ቁርጭምጭሚቴ በርዶታል በሉት» አሉን።

ሩቂያ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ እኔ እያቀበልኩ ሰፋናት። ልክ የላት፣ ንድፍ የላት። አንዱ ጎን ሲያጥር ሌላ እራፊ እንቀጥላለን፤ ሲጣመም «ተይው፣ ያምርባታል» ትላለች ሩቂያ። የሱሪ ካኪ ከአበባ ቀሚስ ጎን ገባ። መሃሏ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ከሥሯ አቡጀዲ። የኔን ቢጫ የኢድ ቀሚስ ቁራጭ ከራስጌ በኩል ጥጓ ላይ አደረገችው።

የሒናው ቀን እናታችን ድሪቶዋን ከሣጥኑ ሥር ቀብራ፣ የሚያብረቀርቀውን የሱቅ ብርድ ልብስ ከላይ አድርጋ የሙሽራውን ቤተሰቦች ስታስተናግድ፣ እትዬ ዘይነባ ገና ከደጅ፣ «እኛ ሐላል ያልናት የታለች?» እያሉ ገቡ። እናቴን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ምን ታድርግ፣ አወጣቻት። የሆጤ ሴቶች ከበው «ይቺ የኔ፣ ያቺ የልጄ» እየተባባሉ በጣታቸው ሲፈልጉ፣ የሙሽራው እናት ጎንበስ ብለው እራፊዎቹን አንድ በአንድ አዩ። እኔ አፍ አፋቸውን አያለሁ። በመጨረሻ፣ «ማሻአላህ፣ ሰፈሯን ሁሉ ይዛልን ልትመጣ ነው» አሉ። ድሪቶዋ ከሩቂያ ጋር ሄደች። ኋላማ እናቴ ለመጣ ለሄደው «ሐሳቡ የኔ ነበር» ማለት ጀመረች!

እኛ ደሴዎች ግን አገር ሁሉ እንደኛ የሚበርደው ይመስለናል። ኮምቦልቻ ቁልቁል ወርደን ሩቂያን ልንጠይቅ ሄደን፣ ግንባራችን ላብ በላብ ሆኖ ቤቷ ስንገባ፣ ድሪቶዋ ተጣጥፋ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ተሰቅላለች። አባባ «በዚህ ወበቅ ይቺን መልበስማ ግፍ ነው!» ብሎ ሲስቅ እኔ አኩርፌ ምሳም አልበላሁ። በዚያው ቀን ተመለስን። ረስታኛለች አልኩ። ስናድግ ብንዋደድም ያቺ ነገር ውስጤ ቀረች፤ ጠይቄያት አላውቅም።

ዛሬ አባባ የለም፣ አላህ ይዘንለት። ሰኞ ገበያ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስና ሰልባጅ ነው፤ ከማን ገላ እንደወጣ አይታወቅ፣ ሐላል የሚል ባለቤት የለው። ሰሚራ ደግሞ በስልኳ እያሳየችኝ፣ «አክስቴ፣ ይሄ እኮ አሁን ሞደርን ነው፤ ሰው ውድ ዋጋ ከፍሎ ነው የሚገዛው» ትለኛለች። እናቴ ይህን ሳትሰማ መሞቷ!

ድሪቶዋን ሳገላብጥ ሁሉም እራፊ ደህና ነው፤ ጥጓ ላይ ያለችው ቢጫዋ ብቻ ተበልታ ክር ሆናለች። «ምነው፣ አይጥ ነው?» አልኳት።

«አይጥ? እማ ናት እንጂ! ቀን ቁም ሣጥን ላይ ትሰቅላታለች፣ ልትተኛ ስትል ታወርዳታለች። አትለብሳትም፣ ይሞቃላ። ግን ያቺን ጥግ በእጇ ሳትይዝ እንቅልፍ አይወስዳትም» አለችኝ።

እኔ ያየኋት በቀን ነበር።

የተበላችውን ጥግ በጣቴ እየዳሰስኩ፣ «ታዲያ አሁን ምን ይዛ ልትተኛ ሰጠችሽ?» አልኳት። «‹አሁን ተራው የአክስትሽ ነው› ብላለች» አለችኝ።

ወዲያው ሩቂያ ጋ ደወልኩ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ፣ «ከቀሚስሽ ቁራጭ ላኪልኝ። ከቢጫዋ ጎን ልሰፋው ነው» አልኳት። በስልኩ የመጣው ድምፅ ሳቅ ይሁን ለቅሶ መለየት አልቻልኩም።

«እልካለሁ» አለችኝ በመጨረሻ። «ሐላል ብያለሁ።»